ያልተለቀቀ እጅ

ይህ አንዲት ቃል ያልተጨመረበት እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ። ቶርኬል የሚስቱን እጅ ለአንዲት ሴኮንድ እንኳ አልለቀቀም።

ኢልቫ ምጥ ይዟታል። የመጀመሪያ ልጃቸውን ስትወልድ እሱ መርከብ ላይ ስለነበር ብቻዋን ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላነሳችበትም። ዛሬ ማለዳ ግን፣ ከወደቡ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ነድቶ ደርሶ ጫማዋን ሲያስርላት፣ «ዛሬ እጄን ከለቀቅክ አበቃልን» ብላዋለች።

«ይሄ የሳቅ ጋዝ የሚሉት ነገር ይሠራል ግን?» ትላለች አሁን ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና፣ የምጥ ማስታገሻውን ጭምብል ከአፏ አንስታ።

«አምጪው፣ እኔ ልሞክርልሽ። የስንት መርከብ ጭስ የማገ ሳንባ እኮ ነው!»

«ለአባቶች አይፈቀድም» ትላለች አዋላጇ ሲቭ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ጓንት እያጠለቀች። «ሁሉም ግን ይሰርቃል።»

አንዴ ማገ። ሁለቴ። እሺ፣ አሥሬ።

መብራቱ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ከመስኮቱ ውጭ በረዶ ሆኖ የከረመው ባሕር ድምፅ ሳያሰማ ወደ ክፍሉ ገባ፤ አልጋው ጀልባ ሆነ። ቶርኬል በአንድ እጁ ይቀዝፋል፤ በሌላው የኢልቫን እጅ ይዟል። ቤተ ክርስቲያን የሚያክሉ የበረዶ ቋጥኞች ሲያዩት መንገድ ይለቃሉ። ዓሣ ነባሪዎች ግራና ቀኝ ያጅቡታል፤ በዚያ ባሕር ዓሣ ነባሪ የለም የሚል ሰው ካለ፣ የዚያን ቀን እሱ እዚያ አልነበረም። ምጡ ማዕበል ሆኖ በመጣ ቁጥር እሱ ደረቱን ይሰጠዋል።

«አትልቀቀኝ» ትላለች ኢልቫ። ድምፅዋ ከውሃው ሥር ይመጣል።

«ሞቼ ነው የምለቅሽ!»

ከዚያ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ባሕሩም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሲቭ ትሪ ይዛ ገባች፤ ዳቦ በአይብ፣ ጭማቂ፣ በአገራቸው ልጅ ሲወለድ የማትቀረው ትንሿ ባንዲራ። ኢልቫ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍናለች።

«አየሽ?» ይላል ቶርኬል። «ጣቶቼን ሰባብረሻቸዋል እኮ!»

«አውቃለሁ» አለች በፈገግታ። «ያ እጅ ባይኖር አልችለውም ነበር።»

ሲቭ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። «ቶርኬል» አለች በሹክሹክታ፣ «ተኝተህ ነበር። ጋዙ በሁለት ደቂቃ ይለቃል፤ ቀሪውን ሁለት ሰዓት ያንኮራፋኸው በራስህ ነው።» ትሪውን ስታስቀምጥ፣ የራሷ እጅ ጀርባ ላይ አራት የጥፍር ምልክቶች እንደ ቀጫጭን ጨረቃ ቀልተዋል።

ቶርኬል የራሱን እጅ አየ። አንዲት ጭረት የለበትም።

ኢልቫ ዓይኗን ሳትገልጥ ብርድ ልብሱ ላይ በእጇ ፈለገችው። እጁን ሰጣት። ጣቶቿ ዳበሱት፤ ቆም አሉ፤ እንደገና፣ ቀስ ብለው፣ ዳበሱት።