በመዝገብ የሌለው አየር ማረፊያ

የትምህርት ቤቱ ምድጃ ጤነኛ ነው፤ የጠፋው የሚነድ ነገር ነው። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ ወዲህ የድንጋይ ከሰል የሚያመጣው ባቡር ቀርቷል። በዚህ የካዛክስታን ሜዳ ላይ ደግሞ ወፍ የሚያርፍበት ዛፍ እንኳ አይበቅልም። አምና የልጆቹ እስክርቢቶ ቀለሙ እየረጋ አልጽፍ ሲል፣ ርዕሰ መምህርቷ ራውሻን ትምህርት ቤቱን በየካቲት ዘጋችው። ዘንድሮም ከተዘጋ አውራጃው ጨርሶ ይሰርዘዋል፤ ልጆቹም ሩቅ አገር ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ይበተናሉ።

ራውሻን ዓይኗን የጣለችው ከመንደሩ ባሻገር ባለው አሮጌ የጦር አየር ማረፊያ ላይ ነበር። ሠራዊቱ ሲወጣ መንደርተኛው አጥሩንም ሽቦውንም የወታደሮቹን መኖሪያ በርና መስኮትም ጠራርጎ ወስዷል። የቀሩት ከመንገድ የሚታዩት ስድስት አውሮፕላኖች ናቸው። አንድ የብረት ነጋዴ «እነሱን ቆራርጣችሁ ስጡኝ፤ ክረምቱን የሚያወጣ ከሰል አመጣለሁ» ብሏል።

እንቅፋቱ ሽማግሌው ዘበኛ ዬፊም ዛካሪች ነው። ደመወዝ ካየ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጠመንጃውን ግን ከትከሻው አላወረደም።

«ሲጋራህን አጥፋ!» ይላል ሰው ሲያይ፣ ገና ከሩቁ። «ለእናንተ የሚሆን ነገር የለም። ፈርሜ የያዝኩት ምስጢር ነው።»

«ያስፈረመዎት አገር እኮ የለም!» ትለዋለች ራውሻን።

«ፊርማዬ አለ።»

መንደሩ ይህን ታማኝነት አልዋጥ ብሎታል። ዳመና ሲጠቁር ሽማግሌው አውሮፕላኖቹን ሸራ ለማልበስ ይሯሯጣል። በረዶው በቀለጠ ቁጥር ከየቤቱ ሙጫና ቀለም ይለምናል። አምና ነፋስ አንዱን አውሮፕላን በጀርባው ገልብጦት፣ በማግስቱ ተነሥቶ ቆሞ ተገኘ።

«አፓይ፣ ያን ሁሉ ብረት ብቻውን አነሣው ብለው ነው?» አላት የመንደሩ በያጅ ሰይልካን፤ በካዛክኛ መምህርት በአክብሮት «አፓይ» ትባላለች። «ግብረ አበሮች አሉት። የአውሮፕላኖቹን ሆድ ዕቃ አውጥተው ሸጠዋል፤ ቀለሙ የቆረጡበትን መሸፈኛ ነው።»

ራውሻን ግን በደንቡ ልሂድ አለች፤ ደንቡም አንጀቷን አሳረረው። አውራጃው ወደ ክፍለ ሀገር ላካት፣ ክፍለ ሀገሩ ወደ መከላከያ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጽፍ ከርማ በጥቅምት አንዲት መስመር መልስ መጣች፦ «በጠቀሱት ቦታ አየር ማረፊያ በመዝገባችን የለም፤ ኖሮም አያውቅም።»

በንዴት እንባዋ መጣ።

«ያሾፉብኛል እንዴ! ከልጅነቴ ጀምሮ ከመንገድ ዳር ቆሜ ስቆጥራቸው ነው ያደግኩት! ስድስት! ሁልጊዜ ስድስት!»

«ይተዉት አፓይ፣ ደግ አድርገዋል» አለ ሰይልካን። «ከሌለ ባለቤትም የለውማ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ የጋዝ መቁረጫውን በትራክተር ጭነው ሄዱ። ወላጆችም ተከትለዋል። ዬፊም ጠመንጃውን አነሣ። ራውሻን ደብዳቤውን አፍንጫው ሥር ደቀነችለት።

ሽማግሌው አነበበ። «ኖሮም አያውቅም» የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ጠመንጃውን አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ሠላሳ ዓመት» አለ ለራሱ።

ማንም አላዘነለትም። ሰይልካን መቁረጫውን ለኮሰ። ሽማግሌው እሳቱን ሲያይ ብድግ አለ።

«አታስጠጋው! መጋዝ አምጡ! በመጋዝ ቁረጡት፣ ስሙኝ!»

«አውሮፕላን በመጋዝ!» ሰይልካን ሳቀ። «አባባ፣ እርጅና ጀመረዎት።» የብየዳ መነጽሩንም ዓይኑ ላይ አወረደ።

ነበልባሉ የነካው ክንፍ አልቀለጠም፤ ተንጣጣ፣ ነፋሱም ለጠላት ማታለያ ከተሠራ ከአንዱ የጥድ ሳንቃ አውሮፕላን ወደ ሌላው እያሻገረው የሁለት ክረምት ማገዶ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አመድ ሆነ።