ከክንድ ለጣት

ጅማቱ ከክንዱ ወጥቶ በጨው ውሃ በራሰው ፋሻ ላይ ሲዘረጋ፣ ቀዶ ሐኪሟ፣ ረዳቷና ነርሷ ሦስቱም አንድ ነገር አዩ። ቀጭን ነው። መሀሉ ላይማ ከመሳሳቱ የተነሣ መብራቱን ያሳልፋል።

«ይሄማ ክር ነው» አለ ረዳት ሐኪሙ፤ ብሎም ደነገጠ። በሽተኛው አልተኛም። የደነዘዘው ክንዱና መዳፉ ብቻ ነው፤ ያም ስሜቱ እንጂ እንቅስቃሴው አይደለም፤ የቀረው ሰውዬ ከመጋረጃው ወዲያ ነቅቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ሰምቻለሁ እኮ» አለ በሽተኛው፣ መስታወት ቆራጩ። «ለማስፈራራት ከሆነ ዘግይታችኋል፤ ደንዝዣለሁ።»

ቀዶ ሐኪሟ ከጭምብሏ ሥር ሳቀች። «አይዞዎት ጋሼ። ከክንድዎ ለጣትዎ ትንሽ ነገር እያዋስን ነው።»

«ሌባ ጣት አይደለች? ሰረቀች በሉና እንገላገል።»

የዚህችን ሌባ ጣት ነገር ሐኪሟ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። መስታወት ከእጁ አምልጦ ጅማቷን በጠሰው፤ ተሰፋ፤ ሊድን ጥቂት ሲቀረው እንደገና ተበጠሰ። ሁለተኛው የሆነው ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ነው። ሚስቱ ጆሮዋ አይሰማም፤ በቤታቸው ወሬውም ቁጣውም ፍቅሩም በእጅ ምልክት ነው። ሐኪሟ ማን አሸነፈ ብላ ብትጠይቀው፣ «እሷ ናታ! እኔ ዓረፍተ ነገሬን አልጨረስኩም» ብሎ አስቋት ነበር።

ቀጥሎ ያለው ግን አላሳቃትም። «ከዚያ ወዲህ እጄ ኮልታፋ ሆነ፣ ዶክተር» አላት። «አንዷ ጣት ካልታጠፈች ቃሉ ይበላሻል። አንድ ነገር ልል ሌላ እላለሁ፤ እሷ በሳቅ ትፈርሳለች፤ እኔም አብሬያት እስቅ ነበር። አሁን አሁን ግን አጠር አጠር አድርጌ ነው የማወራው። ምሳ በላሽ? በላሁ። በቃ።»

«ከእግሩ ወፈር ያለ ጅማት ብንወስድስ?» አለ ረዳቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለእግሩ ማስተኛት አለብን። ካስተኛነው ደግሞ ጣቱን ራሱ አጥፎ አያሳየንም።» ጅማቱን በመቆንጠጫ አነሣችው። «ይሄንኑ እናጠነክረዋለን።»

«ክር ካበዛንበት ይወፍራል። መሿለኪያው ውስጥ ይቀረቀራል፣ ዶክተር።»

ልክ ነው። ጣት ውስጥ ጅማት የሚንሸራተትበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ከጠነከረ ይወፍራል፣ ከወፈረ ይያዛል። እሷም ሁለት ዓመት የተሟገተችው ከዚሁ ጋር ነው። ከሥጋ ቤት የበሬ ጅማት እየገዛች፣ በስሱ እየሰነጠቀች፣ እየሰፋች፣ እስኪበጠስ ክብደት ስታንጠለጥልበት ኖራለች። ሥጋ ሻጩ፣ «ሥጋውን ትታ ጅማት የምታማርጥ ደንበኛ አላህ አምጥቶልኛል» እያለ ለሰፈሩ ያወራባት ነበር።

«ላዩ ላይ ከጠመጠምነው ይወፍራል» አለችው። «ክሩ በሆዱ ውስጥ ካለፈ አይወፍርም። ያዝልኝ።»

ነርሷ ጅማቱን በትንሽ ሰሌዳ ላይ ከሁለት ጫፉ ወጥራ አሰረችው፤ የሚለጠጥ ከሆነ ከመሰፋቱ በፊት ይለጠጥ ተብሎ ነው። ሐኪሟ መርፌዋን በጅማቱ ውስጥ ለውስጥ ሰደደች፤ አንዴ ከግራ ጠርዙ፣ አንዴ ከቀኝ ጠርዙ ቆንጠር እያደረገች ሄደች። ስስ በሆነው ቦታ ላይ እጇ አልቸኮለም። በሬዎቹ ያስተማሩት እጅ ነው። ነርሷ እንዳይደርቅ ውሃ ጠብ ታደርጋለች። ክሩ ገብቶ ሲያልቅ ከላይ ምንም አይታይም።

«የት ገባ?» አለ ረዳቱ ጎንበስ ብሎ።

«ሥራ ላይ ነው።»

ጅማቱን በጣቱ መሿለኪያ አሳልፈው ጫፉን ከአጥንቱ ጋር አሰሩት። ሌላኛውን ጫፍ መዳፉ ውስጥ በቀረው ወፍራም ጅማት ሆድ ሦስት ጊዜ አሹልካ ገመደችውና ሰፋችው። ከዚያ እጇን አነሣች።

«ጋሼ፣ እስቲ ሌባ ጣትዎን ቀስ ብለው እጥፍ ያድርጓት።»

ጣቷ አልተንቀሳቀሰችም።

«ጋሼ?»

ከመጋረጃው ወዲያ ያ ሁሉ ጨዋታ ጠፍቷል። «ብበጥሰውስ?» አለ፣ ሲበዛ በቀጭን ድምፅ።

ሐኪሟ ከመጋረጃው በላይ ብቅ ብላ ዓይኑን እያየች ተናገረች። «ቢበጠስ እዚሁ፣ እኔ ፊት ይበጠስ። ግን አይበጠስም። እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

መጀመሪያ ጫፏ ብቻ ተነቀነቀች። ቀጥሎ ነጩ ጅማት በተከፈተው መዳፍ ውስጥ ሸርተት አለ፤ የተገመደው ቦታ አብሮት ሄደ፣ ምንም አልተላቀቀም፣ ምንም አልተያዘም። ጣቷ ታጠፈች። ረዳቱ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀ።

«ታጠፈች እንዴ?» አለ መስታወት ቆራጩ። «አይሰማኝም እኮ፤ ንገሩኝ!»

ሐኪሟ የራሷን ጣት በታጠፈችው ጣት ውስጥ አስገባች።

«አሁን ደግሞ ጣቴን ይሳቡኝ። ለዘብ አድርገው።»

ረዳቱ ቀና ብሎ አያት። ሰውዬው ሳበ። ጅማቱ ተወጠረ፤ የእሷም ዓይን ከስፌቱ ላይ አልተነቀለም። ከገመደችው ቦታ የክር ያህል እንኳ ክፍተት አልተከፈተም።

«በቃ ጋሼ፤ ይልቀቁኝ» አለች።

ሐኪሟ የራሷን ጣት ልታወጣ ሞከረች። አልለቀቃትም።