አንተ በለኝ

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ዝቅ ይበሉ፣ ኦቦ ሌታ!» ይለኛል ዱጋሳ።

ዝቅ እላለሁ፤ ጉልበቴ ይንቋቋል። ለወጣቶቻችን ቤዝቦል አስተምሮ ባለፈው ዓመት ወደ አገሩ የተመለሰው ፈረንጅ መምህር ትቶት የሄደውን የቆዳ ጓንት ግራ እጄ ላይ አጥልቄ፣ በቤቴና በቤቱ መካከል ቁጢጥ ብያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የቤዝቦል ኳስ ቀላቢ ሆንኩ።

ጎረቤቴ ዱጋሳ የክሊኒካችን ድሬሰር ነው። ወንጪ ቁልቁለት ላይ ፈረስ ከጣለው ወዲህ ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ አልነሳ ብሏል። እንደ ሌላው ሰው ከላይ መወርወር ቀረ። ከጎን፣ በወገቡ ልክ መወርወር ካልለመደ የነገውን ጨዋታ ለሌላ ይሰጡበታል። የቡድኑ አለቃ ኦልጅራ ይህንኑ ሊወስን መጥቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይግጣል።

ዱጋሳ ይወረውራል። ኳሷ ግማሽ መንገድ ላይ ትወድቅና እየተንከባለለች እግሬ ሥር ትደርሳለች።

«ይህቺ ኳስ ናት ወይስ አማላጅ?» እላለሁ።

ጠዋት ብቻውን የጭቃ ግድግዳውን ሲመታ ግን አይቼዋለሁ። ኳሷ አንድ አቅጣጫ ይዛ ሄዳ ሄዳ መጨረሻዋ ላይ ትታጠፋለች። እንዴት? ጓንቱን ለኦልጅራ ብሰጠው ለጉልበቴም ይሻል ነበር፤ ያቺን መታጠፍ ከፊት ለፊት ሳላያት ግን አልሰጥም።

«ቆይ እስቲ፣ ግራ እጅህ ምን ይሠራል?»

ዱጋሳ ወደ ራሱ ያያል። ግራ መዳፉ ቀኝ ክርኑን ደግፏል፤ ለታላቅ ሰው ውሃ እንደሚያቀብል።

ኦልጅራ በሳቅ ሸንኮራው ትን ይለዋል። «ጠላ ነው እንዴ የምትቀዳላቸው?»

«ምን ላድርግ? እሳቸው ፊት ላይ ድንጋይ የሚያህል ነገር እንዴት ልልቀቅ? አባቴ ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«እንግዲያው እስክንጨርስ አንተ በለኝ» እላለሁ።

«ማንን? እርስዎን?»

«እኔን። ‹ያዝ› በለኝና ወርውር።»

ላብ ያጠምቀዋል። «ያዝ… ያዙልኝ።» ኳሷ ከእጁ አትወጣም። «ያ… ይያዙ።»

ኦልጅራ ተነሥቶ ሱሪውን ያራግፋል። «በቃ፣ ነገ ኤጄታ ይወርውር።»

ዱጋሳ ፊቱ ይለዋወጣል። አማርኛው እምቢ ሲለው በእናቱ ቋንቋ ይጮኽብኛል፦ «ቀቢ!»

ያዝ! አብሮ አደጉን እንደሚያዝዝ።

ክንዱ ከጎኑ ይወነጨፋል። ኳሷ በቀጥታ ወደ ጆሮዬ ትመጣለች፤ ልሸሻት ስል ማንም ሳይነካት ሐሳቧን ትቀይርና ወደ ደረቴ ትታጠፋለች። ጓንቱ ውስጥ ጧ! መዳፌ ይነድዳል።

«ኤጄታ ይቅር» ይላል ኦልጅራ ቀስ ብሎ። «እስቲ ድገማት።»

እኔ ኳሷን አወጣና ስፌቷን አገላብጣለሁ። እንድትታጠፍ ያደረጋት ምንድን ነው? ክሩ ነው? አውራ ጣቱ ነው?

«ምን አፍጥጠህ ታያታለህ?» ይላል ዱጋሳ። ፊቱ ላይ ቀልድ የለም፤ እግሩን አመቻችቶ ቆሟል። «መልሳት እንጂ!»

«እሺ» እላለሁ። ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ለማንም እንዲህ ቶሎ እሺ ብዬ አላውቅም።