እጥፍ ቮልት

ዶክተር ገብረየስና ረዳት ተመራማሪዋ አብረው የደከሙበት ጥናት አምና በእሱ ስም ብቻ ታተመ፤ የእሷን ስም ሰርዞት ነበር። ዛሬ ወደ ቤተ ሙከራው ጠራት።

«እህቴ፣ ድረሽልኝ! ኮምፒውተሩ አምስት ቮልት ሲያዝ መሣሪያው አሥር ይሰጣል። ለፕሮፌሰርነት የሚገመግሙኝ ሰዎች ደግሞ ነገ ይመጣሉ።»

ቮልት የሚለካውን ቴስተር መሣሪያው ላይ ሰካች፤ አሥር አሳየ። ፕሮግራሙን ከፍታ አንዲት መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«የጭነቱ ልክ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚቀበለው ዕቃ ተቃውሞ፣ እዚህ ላይ በስህተት ተሞልቷል። መሣሪያው ከተተከለ ጀምሮ የታዘዘውን እጥፍ ሲልክ ኖሯል።»

መስመሯን አረመች። ቴስተሩ አምስት አሳየ።

«እግዜር ይስጥሽ!» አለ። ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ። «ከተተከለ ጀምሮ? ያሳተምኩት ጥናትስ?»

«አምስት ብለው የጻፉት ሁሉ አሥር ነበር። ውጤቱ እንዳለ ስህተት ነው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንግዲህ አብረን እናርመዋለና። ስምሽንም እንመልሳለን።»

«ይቅርብኝ ዶክተር። እንዳሳተሙት የብቻዎ ይሁን።»

«ቆይ እስቲ፤ መስመሯን እንዲህ በአፍታ እንዴት አገኘሻት?»

ቦርሳዋን አነሳች።

«ያገኘኋትማ ጥናቱ ሳይታተም ነው። ልነግርዎ እየሮጥኩ ስመጣ፣ ስሜን ሲሰርዙ ደረስኩ።»