የእውነት እንባ

እናትየው የተጠየቀችውን ሹራብ ይዛ ልጇ ወደምትተውንበት የፊልም ቀረጻ ክፍል ስትገባ ልጇ ወለሉ ላይ ተደፍታ «እማዬ ሞተችብኝ!» እያለች ትንሰቀሰቅ ነበር። ትወና አልነበረም፤ የልጇን ለቅሶ ታውቀዋለች። መብራት ይወድቅባታል፣ ገመድ ይጠልፋታል ብላ ስትሰጋ ነበር የሰነበተችው፤ ይህን ግን አላሰበችም። ዳይሬክተሩ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ዝም በይ እህቴ፤ እናትሽን መኪና ገጭቷታል ብዬ ነው የነገርኳት። ተመልካች የእውነት እንባ ካላየ አያለቅስም» ሲል አንሾካሾከላት።

ደሟ ፈላ። «አረመኔ! በቁሜ ቀበርከኝ?» ብላ ሮጣ ልጇን አቀፈቻት። ልጅቱ የእናቷን ፊት በሁለት እጇ እየዳበሰች «አልሞትሽም? አልሞትሽም እማዬ?» ትላታለች። እናትየው ቀና ስትል የካሜራው ቀይ መብራት አሁንም በርቷል። ዳይሬክተሩም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ፈገግ ብሏል።

«በርቺ፣ ስደቢኝ! ልጅሽን በርዷታልና ሹራብ አምጪላት ብዬ ያስጠራሁሽ እኮ ለዚህ ነው።»

አፏ ድረስ የመጣውን ስድብ ዋጠችው። ተነስታ ሹራቡን ካሜራው ላይ ጣለችና እጅጌዎቹን ሌንሱ ፊት ጥብቅ አድርጋ ቋጠረቻቸው። «እንካ፣ ለተመልካችህ ይህን አሳየው።» ልጇ በብርድ ትንቀጠቀጥ ነበር። እናትየው ሹራቡን አልፈታችውም፤ የራሷን ካፖርት አውልቃ ልጇን ጠቀለለቻትና ይዛት ወጣች።