ነፋሱን የሚነግራት ድምፅ

ጸዳለ ራዳር የተጫነበትን መኪና ከውጫሌ በላይ ካለው ሜዳ ላይ አቁማ፣ በአምባሰል ተረተር የተነሳው ሰደድ እሳት የሚያስነሳውን ነፋስ ስታጠና አርፍዳለች። ስክሪኑ ላይ ነፋሱ ሲዞር ካየች፣ እሳቱን ለሚያጠፉት ገበሬዎች በሬዲዮ ትነግራለች። እላይ ሬዲዮውን የያዙት የገበሬዎቹ አለቃ አያ ኑርዬ ናቸው።

ከቀትር በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። «ልጄ፣ ነፋሱ አሁን ወደ ምሥራቅ ይዞራል» ይሏታል አያ ኑርዬ በሬዲዮ። እውነትም አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑ ላይ ዞሮ ታየዋለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ራዳሩ ዘግይቶ እንዳይሆን ብላ ሰዓቱን ደጋግማ አመሳከረች፤ ልክ ነው። መቀመጥ አቃታት፤ ከመኪናው ትወርዳለች፣ ተመልሳ ትወጣለች።

አስር ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። አያ ኑርዬ ፊታቸው ጥላሸት ለብሶ፣ ሬዲዮውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሰዎቹ ደህና ናቸው። ይህ ዕቃሽ ግን ከቀትር ጀምሮ ሞቷል። ባትሪ ስጪኝ ልልሽ ነው የመጣሁ።»

«ታዲያ እስካሁን ያወሩኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ኧረ ወላሂ፣ አንድ ቃል አልተነፈስሁም!»

ጸዳለ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ነፋሱ አሁንም እሳቱን ከመኪናው እያራቀ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ያን ጊዜ የመኪናው ሬዲዮ ኮሽ አለና የአያ ኑርዬ ድምፅ ረጋ ብሎ መጣ።

«ልጄ፣ ነፋሱ አሁን ወደ መኪናው ይዞራል። ኑርዬንም ይዘሽ ተነሺ።»