ባዶ የጠፋበት ጣቢያ

ባዶ ማለት ምንም የሌለበት ማለት ነው። ባዶ ቤት፣ ባዶ ኪስ፣ ባዶ ሆድ ሲባል ማብራሪያ የሚጠይቅ ሰው የለም። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ባዶ እንዲሁ አይገኝም፤ ተፈልጎ፣ ተመርምሮ፣ ተፈርሞበት ነው ባዶ የሚባለው። አንድ የዕፅ መመርመሪያ ኪት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሁለት ጊዜ ይፈተናል። መጀመሪያ በማመሳከሪያው፣ ማለትም ንጹሕነቱ በተመሰከረለት ዕፅ፤ ያኔ የኪቱ ሮዝ ጥጥ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቀጥሎ በባዶ፣ ማለትም ዕፅ ባልነካው ነገር፤ ያኔ ሮዝ እንደሆነ መቅረት አለበት። በባዶ ላይ ሰማያዊ የሚሆን ኪት ውሸታም ነው፤ ይጣላል።

ኬሚስቷ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ባልደረቦቿ «ጠብታ» ይሏታል፤ ሻይዋን ሳይቀር በጠብታ ትለካለች ብለው። አዲሱን ኪት የመረጠችው እሷ ናት፣ የክፍሏ ኃላፊ ተይ ቢቅርብሽ እያላት። እምቢ ስትል ፈረመላት፤ ኪቱ ከወደቀ ግን ምድር ቤት ወርዳ የጉድጓድ ውሃ እንደምትመረምር፣ ጡረታዋም እዚያው እንደሚያገኛት ነገራት። ጡረታዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይቀረዋል።

ለመስክ ሙከራው የተመረጠው ፖሊስ ጣቢያ በትጋቱ የተመሰገነ ነበር። አዛዡ ከወንበሩ በስተኋላ «ለስምንት ወራት ተከታታይ አርአያ ጣቢያ» የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት አሰቅሏል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ፋይሉን በፊደል ተራ፣ ከዚያ በውፍረት፣ ከዚያ በቀለም ደርድሮ ጨርሶ አሁን እንደገና በፊደል ጀምሯል። አጥሩ በሳምንት ሁለቴ ቀለም ይቀባል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከመቀመጫው የሚነሳ የለም፤ አዛዡ ሥራ ራሱ ያጠግባል ባይ ነው። ጠብታ ያየችባቸው ጉድለት ቢኖር ጉንፋን ብቻ ነው። ሁሉም አፍንጫውን ይጠራርጋል። አቧራው ነው አሏት።

ሳጥኗን ከፍታ ማመሳከሪያዋን አወጣች። የብልቃጡ እሽግ እንዳለ ነው። ከፍታ ሞከረችው፤ ጥጡ ሰማያዊ ሆነ። እሰይ አለች በልቧ። ብልቃጡን መልሳ አሽጋ፣ ጓንቷን ቀይራ፣ ለባዶ የሚሆን ነገር ፈለገችና በቅርብ ያገኘችውን ወንበር በአዲስ ጥጥ ጠረገች።

ጥጡ ሰማያዊ ሆነ።

«ወንበሩ ስንት ዓመት ያስፈርድበታል?» አለ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ። ጣቢያው በሳቅ ፈረሰ።

ስልኩን ሞከረች፤ ሰማያዊ። ማኅተሙን፤ ሰማያዊ። የበሩን እጀታ፣ የምስክር ወረቀቱን መስታወት፣ የመጥረጊያውን እንጨት ሞከረች። ሁሉም ሰማያዊ። አዛዡ ጨዋታው ደስ ብሎት ጣቱን ሰጣት፤ ሰማያዊ ሆነ። ጢሙን ሲያስጠርግ ደግሞ ከሁሉም የደመቀው ወጣ።

«በሉ እሰሩኝ» አለ ሁለት እጁን አጣምሮ እየዘረጋ። «እህቴ፣ አይክፋሽ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ያንቺ ኪት ሳይማር ነው የጠመጠመው። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ዘመዴ እያለ እንደሚስም ሰካራም ነው።»

ጠብታ መሳቁ አልሆነላትም። ሳጥኑ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ተጭኖ እንደመጣ፣ ፀሐዩም አናት የሚበሳ እንደነበር አስታወሰች። በቃ፣ ሙቀት አበላሽቶታል። ገና ያልወረደችበት ምድር ቤት እርጥበት ጉልበቷ ላይ ተሰማት።

ቅጹን አውጥታ መሙላት ጀመረች። አዛዡ ሊያግዛት ፈልጎ «ኪቱ ወድቋል» የሚለውን ቃል በቃል ሊያጽፋት ቀረበ። እንዲህ ያለ ዕቃ ለጣቢያው እንደማያስፈልግ፣ እነሱ ዕፅ በዓይን አይተው እንደሚለዩ ጨመረላት። ቅጹ ላይ ግን ከ«ባዶ» ሌላ አንድ መስመር ቀርታ ነበር፤ «በጣቢያው ከተያዘ ዕፅ የተወሰደ ናሙና» ትላለች። ጠብታ በዕድሜዋ መስመር ዘልላ ፈርማ አታውቅም።

«የወደቀ ኪት ምን ይረባሻል?» አለ አዛዡ።

«መስመሩ እንዲሞላ ነው፣ ጌታዬ።»

አዛዡ ጉሮሮውን ጠርጎ የኤግዚቢት ክፍሉ ቁልፍ የት እንዳለ ጠየቀ። አምስት ሰው ኪሱን ዳሰሰ። አምስት ቁልፍ ወጣ።

«ለጥንቃቄ ነው፣ እህት ዓለም» አላት ሽማግሌው ንብረት ጠባቂ። «አንዱ ቢጠፋ ብለን ነው።»

ጠብታ ጥንቃቄ የሚያውቅ ሰው ስታገኝ ደስ ይላታል።

ፍርድ ቤት ሲጠብቅ ዘጠኝ ወር ሊሞላው የተቃረበው ጆንያ ለሁለት ተይዞ ወጣ፤ በዚያ ወረዳ ታሪክ ትልቁ የተያዘ በአፍንጫ የሚሳብ ነጭ ዱቄት ነው። የእሽጉ ሰም ትናንት የፈሰሰ ይመስል ያብረቀርቃል። ንብረት ጠባቂው ንጽሕና እንደሚወድ አስረዳት።

የቀራት ጥጥ አንድ ነበር። ዱቄቱ ውስጥ አገላብጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ሰዓቷን አየች። ሁሉም ከበቧት። አንድ ደቂቃ አለፈ።

«ይሆናል» አለ አዛዡ። «ለወንበር የሆነ ለዚህ ምን ይከለክለዋል?»

ሁለት ደቂቃ አለፈ። ጠብታ ደንቡ በሚለው መሠረት አምስቱን ጠበቀች።

ጥጡ ሮዝ እንደሆነ ቀረ፤ ጠብታም «ባዶ» ከሚለው ፊት ለፊት የጆንያውን ቁጥር ጽፋ፣ «ኪቱ አልፏል» ብላ ፈረመች።